ልብስ ሰፊው በቤቱ የበሳው ኳስ

ቦውሊንግ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ነቀዝ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ባዕድ አይደለም፣ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነው። «እህል የምትበሳ ነቀዝ አይቻለሁ፤ ኳስ የምትበሳ ግን እኛ ቤት ብቻ ናት ያለችው!» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ጫማ አከራዩም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ትናንት የመጣ ተጫዋችም ነቀዝ አላት። እሷም አቤት እያለች ኖረች። ምን ታድርግ?

ከመጫወቻው ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ሃያ ዓመት ሠርታለች። አዲስ ኳስ ድፍን ሆኖ ነው የሚመጣው። የሰውየውን እጅ ትለካለች፣ ኳሱን በሞርሳ ታስራለች፣ ከዚያ በመሰርሰሪያው ሦስት የጣት ቀዳዳ ታወጣለታለች። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፤ ግማሹን በስድብ፣ ግማሹን በዝምታ። ከእሳቸው የወረሰችው አንድ ሕግ አላት፤ ሁለት ዙር ሳይጫወት የማንንም አውራ ጣት አትለካም። ሲወረውሩበት የዋለ አውራ ጣት ያብጣል። ጠዋት፣ እጅ ሳይሞቅ ልክክ ያለ ቀዳዳ ከሰዓት በኋላ ወጥመድ ነው። ስንቱን ችኩል «ሂድና ተጫውተህ ና» ብላ እያጉረመረመ መልሳዋለች።

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። ሙያውን አንክድበትም፤ የሰፋው ኮት ገላ ላይ ተለጥፎ የበቀለ ነው የሚመስለው። አፉ ነው እንጂ ክፉው። አንድ ጊዜ የቦውሊንግ ቤቱ ኤሌክትሪሺያን እሷን ሊጠይቅ ቤታቸው ምሳ መጣ። ደህና ሰው ነበር፣ ወደዳትም። ወንድሟ በጨዋታ መሃል እጇን ብድግ አድርጎ በሜትሩ የቀለበት ጣቷን ለካና፣ «ወንድሜ፣ ቀለበቱን ወርቅ ሠሪ ጋ እንዳትሄድ፤ ቧንቧ ሠሪ ጋ እዘዝ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ኤሌክትሪሺያኑም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ደጃፏን አልረገጠም። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመቱ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል፤ እሷ ግን ቂሟንም ይዛ፣ ወንድምጋሼ እያለችም ስትኖር ማንም አልነቃባትም።

ዘንድሮ የወንድሟ ቡድን ለዋንጫ ደረሰ። እሱም አዲስ ኳስ ገዛና፣ «በቤቴ ራሴ ነው የምበሳው» ብሎ ተነሣ። ተጫዋቾቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጉንጭ አልፋ ክርክር ሆነ።

«ኳሱ የእኔ፣ ጣቱ የእኔ፣ ድሪሉ የእኔ! ሠላሳ ዓመት የሰው ገላ የለካሁ ሰውዬ የራሴን ጣት መለካት ያቅተኛል?» ይላል።

«ኳስ ጨርቅ አይደለም፣ ወንድምጋሼ፤ ጠበበኝ ብለህ አትተረትረውም» አለችው አንድ ቀን፣ ሰዎቹ እየሰሙ።

«እንጀራዋ ሊነካባት ነዋ! ሁሉም በየቤቱ ከበሳ ነቀዝ ምን ትብላ?» አለ። አሁንም ሳቁ።

የፍጻሜው ዕለት ጠዋት ቦውሊንግ ቤቱ ሳይከፈት ወደ ክፍሏ መጣ። ኳሱን በፎጣ ጠቅልሎታል። ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ።

«እስኪ እይልኝ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «መቼም ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ልቧ ዘለለ፤ መዝለሉም አናደዳት። ኳሱን ገለጠች። የአውራ ጣቱን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰችው፤ አፉ አልተሞረደም፣ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ ይቆርጣል።

«መቼ ነው የለካኸው?»

«ትናንት ጠዋት፣ ሱቅ ስከፍት። አንዲት ክር እንኳ አታሳልፍም፣ እንዴት ልክክ እንዳለች አየሽ?»

አየች። ሦስተኛው ዙር ላይ ጣቱ እንደማይወጣ፣ ከዚያ ምን እንደሚሆን፣ ሁሉንም አየች። በብርጭቆ ወረቀት የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። ወረቀቱም እጇ ሥር ነው።

«አስተካክልልሃለሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ። ውጭ ወጥተህ ሰዎቹ ፊት፣ እህቴ እይልኝ በለኝ።»

ወንድሟ የምር ሳቀ። «አብደሻል እንዴ? ሳምንቱን ሙሉ ስፎክር ከርሜ፣ ነቀዝ አረመችልኝ ልበል? ይልቅ በቶሎ ንገሪኝ፤ ጥሩ ነው አይደል?»

ቀና ብላ አየችው። ፎጣውን መልሳ ጠቀለለችለት።

«ጥሩ ነው» አለች። «ልክክ ብሏል።»

እሱ ግንባሯን ስሞ ወጣ። እሷ ሞርሳውን መጥረግ ጀመረች፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን ጠረገችው። ተነሥታ ልትጠራው ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዳለች፤ ይህን ልንደብቅላት አይገባም። ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰች።

በሦስተኛው ዙር፣ አምስተኛው ውርወራ ላይ፣ ኳሱ እጁን ለቆ አልሄደም። ወንድሟ ሰባት ኪሎውን ኳስ እንደያዘ ወደ ፊት ተወረወረ፤ በደረቱ ወደቀ፣ ኳሱ ከወለሉ ጋር ተላተመ፣ ጣቱ ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ዞረ። ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ ክፍሏ ደረሰ። ጣቱን ከኳሱ ያወጣችለት እሷ ናት፤ ሌላ የሚችል አልነበረም። ጥፍሩ እዚያው ቀረ።

ሐኪሙ የመጋጠሚያው ጅማት መበጠሱን፣ አውራ ጣቱ ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ነገረው። «መቀስስ?» ሲለው፣ «በዚህ እጅ? እርሳው» አለው። ልብስ ሰፊው ወደ ግድግዳው ዞሮ ብዙ አለቀሰ፤ እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማችው።

በሳምንቱ ቡድኑ ከጫማ አከራዩ ጋር ሊጠይቀው መጣ። ቁጭ ከማለታቸው አንዱ ተነሣበት፤ «ቤት የበሳኸው ኳስ ጉድ ሠራህ! ብለንህ ነበር፣ የማያውቁትን ሲነካኩ እንዲህ ነው!»

«ኳሱን ተዉት» አለ ወንድሟ። «ኳሱ ምንም አልነበረበትም። የዚያን ዕለት ጠዋት ወስጄ ለእህቴ አሳይቻታለሁ። አፍሬ ነው እንጂ ያኔውኑ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። በዚህ ሥራ ከእሷ የሚበልጥ ሰው አላየሁም። እሷ ጥሩ ነው ካለች ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ የእጄ ነው።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«እውነት ነው?» አላት ጫማ አከራዩ። «አይተሽው ነበር? ልክ ነበር?»

የወንድሟ ዓይን እሷ ላይ ነው፤ እንደ ምስክር ነው የሚጠብቃት።

«ልክ ነበር» አለች።

«አላልኳችሁም?» አለ ወንድሟ፤ በደህናው እጁም እጇን ያዘ።