የከሰዓት ፈረቃ

ልጅ እያለሁ ዩኒፎርሜ ሁልጊዜ ሞቆ ይደርሰኝ ነበር። የሚያሞቀው ፀሐይም ካውያም አልነበረም፤ የታናሽ እህቴ የዘነቡ ገላ ነበር። ለሁለት አንድ ዩኒፎርም ነበረን፦ ሰማያዊ ቀሚስና ክርኑ የተጣፈ ሹራብ። እሷ ጠዋት ለብሳው ትማራለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ እየሮጠች መጥታ ከጆንያ ክምር ጀርባ አውልቃ ትሰጠኛለች፤ እኔ ከሰዓት እማርበታለሁ። ጠመኔና ላብ፣ ላብና ጠመኔ ይሸታል። ማታ እናታችን እጅጌና አንገትጌውን አጥባ ትሰቅለዋለች። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንኳን በአንድ ሌሊት በሦስት ቀንም ልብስ አይደርቅም። ስለዚህ ዘነቡ በየማለዳው የምትለብሰው እርጥቡን ነበር። ይህን ልብ ብዬ ያሰብኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው።

የምንቀያየረው ዩኒፎርሙን ብቻ አልነበረም፤ መቀመጫውንም ነበር። አባታችን ሲሞት እናታችን ቡና መጋዘን ገባች፤ ለቃሚ ሆነች። ሴቶቹ በረድፍ ይቀመጣሉ፣ ቡናው ፊታቸው ይፈሳል፣ ጥቁሩን፣ ስብርባሪውንና ተባይ የበሳውን እየለቀሙ ያወጣሉ። እያንዳንዷ ቦታ አላት። እናታችን ለራሷና ለልጇ ብላ ሁለት ቦታ አግኝታ ነበር። ነገር ግን አንድ ቦታ ግማሽ ቀን ባዶ ከዋለ፣ በር ላይ ቆማ ከምትጠብቀው ብዙ ሴት አንዷ ትቀመጥበታለች፤ ከዚያ ወዲያ ማስነሳት የለም። ስለዚህ ያቺ ሁለተኛ ቦታ ላይ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ከጠዋት እስከ ማታ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

ትምህርት ቤት ያስገባችን የጎረቤት አስተማሪ ናት። አንድ እሁድ እናቴን፣ «ሁለት ልጅ አለሽ፣ ትምህርት ቤቱም ሁለት ፈረቃ አለው። ምን ቸገረሽ?» አለቻት። እናቴ ሌሊቱን ስታሰላ አደረች መሰለኝ፣ በነጋታው ሁለታችንንም ይዛን ሄደች። እኔ በአሥራ ሁለት፣ ዘነቡ በዘጠኝ ዓመቷ አንደኛ ክፍል ገባን። የሰባት ዓመት ሕፃናት መሐል ስቀመጥ፣ «ተነሡ፣ ተነሡ፣ እማማ መጡ!» እያሉ ይሳለቁብኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ ደብተሬ ውስጥ ተደበቅሁ። ከዚያ በኋላ ከደብተርና ከመጽሐፍ የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም። ሦስት ጊዜ ደብል መትቼ ስምንተኛን በአምስት ዓመት ጨረስኩ።

ዘነቡ እንደኔ አልነበረችም። የተማረችውን ይዛ አትደበቅም። ከሰዓት መቀመጫዋ ላይ እንደ ደረሰች ሴቶቹ «እስቲ የዛሬውን?» ይሏታል። እሷም ቡናዋን እየለቀመች የሒሳብ አስተማሪዋን በአፍንጫው ሲናገር እያስመሰለች የማባዣ ሠንጠረዡን ታስዘምራቸዋለች። የስድሳ ዓመት ባልቴት ሳይቀሩ ሰባት ጊዜ ስምንትን የቻሉት እዚያ ነው። ካቦው አባ ፎጊ እንኳ ሊቆጣ መጥቶ ስቆ ይመለስ ነበር። አባ ፎጊ ለሥራው ምሕረት የለሽ ነው፤ ለቅመን ከጨረስነው ክምር አንድ እፍኝ ይዘግንና መዳፉ ላይ ያሰጣዋል። አንዲት ጥቁር ፍሬ ካገኘ አይጮህም። «ኢንታላ ኮ» ይላል፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «ዓይን ያለፈውን ምላስ ያገኘዋል።» ለእኔ ይህን የሚለኝ ከስንት አንዴ ነበር። ልቅም ያልኩ ለቃሚ ነበርኩ።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ጓደኛ አገኘሁ። ፈቲያ የጅሬን ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ከአጋሮ ቡና የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። ቤታቸው መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ነበራቸው። ዕድሜዬን ሳትጠይቅ፣ ጫማዬን ሳታይ፣ «ይኼን አንብበሽዋል?» ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ዓመቱን ሙሉ ስንዋዋስ ከረምን። ዘጠነኛ ክፍል የምንገባ ጊዜ የምድብ ዝርዝሩ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈና አብረን ሄድን። ስሜን ቀድማ ያገኘችው እሷ ነበረች።

«አልሐምዱሊላህ! አንድ ክፍል፣ አንድ ፈረቃ! ጠዋት ነን፣ ስንዱ! ወላሂ ሌላ ሴት አጠገቤ አላስቀምጥም።»

ተቃቀፍን። ወደ ቤት ስመለስ ግን እግሬ ከበደኝ። የዘነቡ ስድስተኛ ክፍል ያለው አንድ ፈረቃ ብቻ ነው፤ እሱም ጠዋት ነው። ሁለታችንም ጠዋት ከሆንን መቀመጫው ባዶ ይውላል ማለት ነው።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «ነገ ሂጂና ዩኒት ሊደሩን ለምኚ። ወደ ከሰዓት ያዙሩሽ። የሁለት ልጅ ነገር ነው በያቸው» አለችኝ። ዘነቡ ሹራቡን እየሰፋች ነበር፤ «እትዬ፣ እንባ እንባ እያለሽ ግቢ፤ እሱ ላይ ጎበዝ ነሽ» ብላ አሳቀችን።

ሄድኩ። የዩኒት ሊደሩ የመምህር ተካልኝ ቢሮ አረንጓዴ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በክፍተቱ ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ይታዩኛል፤ የብዕራቸው ድምፅ ሳይቀር ይሰማኛል። ቢበዛ ሦስት እርምጃ ነበር የቀረኝ። ከግቢው የፈቲያ ሳቅ መጣ። ያ የከሰዓት ፈረቃ በዓይኔ ላይ ዞረ፦ የማላውቃቸው ልጆች፣ «እማማ መጡ»፣ ብቻዬን የምቀመጥበት ዴስክ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ተመለስኩ።

«እምቢ አሉ» አልኩ እቤት።

«ምን ብለው?»

«መዝገቡ ተዘግቷል ብለው።»

ውሸቴ እንኳ ልቅም ያለ ነበር።

እናቴ ራቷን ሳትበላ ቆየችና፣ «እንግዲህ ትልቋ ትቅደም። ትንሿ ለከርሞ ትደርሳለች» አለች። ዘነቡ አላለቀሰችም። ተነሥታ ሹራቡን ከምስማሩ አወረደችና፣ «እንኪ እትዬ፤ አሁንማ ሙሉውን ቀን ያንቺ ሆነ። ብቻ ክርኑን አትደገፊበት፣ መጣፍ ሰልችቶኛል» አለችኝ። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዝቃዛውን ለበስኩት። ከፈቲያ ጎን ስቀመጥ እስክንሞቅ ድረስ ተጠጋግተን ሳቅን።

ያ «ለከርሞ» አልመጣም። በዓመቱ መቀመጫው ላይ የሚተካት አልነበረም፤ በሁለተኛው ዓመት ዘነቡ ከልጆቹ ጋር መቀመጥ አፈረች፤ በአራተኛው ለአንድ የጭነት መኪና ረዳት ተዳረች። ባሏ ሞተባት። እዚያው መጋዘን ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀመጠች፤ ዓይኗና ወገቧ አልቻል ሲላት ነው ጊንጆ ሰፈር ትንሽ ሱቅ የከፈተችው። እኔ ተማርኩ፣ አስተማርኩ፣ በኋላም የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆንኩ። አራት ዓመት የቆየ ትዳር ነበረኝ፤ ልጅ የለኝም። ለዘነቡ ልጆች ደብተርና መጽሐፍ የምገዛ፣ የማስጠና እኔ ነበርኩ። ውለታ የዋልኩ ይመስለኝ ነበር። «እምቢ አሉ» የሚለውን ለራሴ ደጋግሜ ከመንገሬ የተነሣ፣ መምህር ተካልኝ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የማስታውስ ሁሉ ይመስለኝ ጀመር።

ባለፈው ነሐሴ የድሮ ተማሪዎች በቴሌግራም ተጠራርተን አንድ የሆቴል ግቢ ተሰበሰብን። ዘነቡን ድፎ ዳቦ እንድትጋግርልን ለምኛት ነበር። ዳቦውን በባጃጅ ይዛ መጥታ ልትመለስ ስትል፣ «ምን ሲደረግ! እህቴ ነሽ፣ ተቀመጪ» ብዬ ከጎኔ አስቀመጥኳት። እውነቱን ልናገር፣ ሰው እንዲያየኝም ነበር፤ ከፍ ብላ ዝቅ ያለች እህቷን ያልረሳች እንድባል።

ፈቲያ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። አሁን ፋርማሲ አላት። አቅፋ ግራ ቀኝ ሳመችኝ፤ ከዚያ ራቅ ብላ አየችኝና፣ «ስንዱ! ኧረ አልተለወጥሽም! አንቺ እኮ… ቆይ፣ የከሰዓት ፈረቃ ነበርሽ አይደል?» አለች።

«ጠዋት ነበርኩ» አልኩ። «አጠገብሽ።»

«ውይ በአላህ! እርጅና እኮ ነው!» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቀ።

የክብር እንግዳችን መምህር ተካልኝ ነበሩ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የፈረቃ ነገር ሲነሣ ሰሙና በትራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። «አይ ፈረቃ! ፀጉሬን ያሸበተኝ እኮ እሱ ነው። አንዷ ወንድሜን አስታምማለሁ ትላለች፣ አንዱ ከብት አለብኝ ይላል። ሁሉንም አዘዋውር ነበር። ርእሰ መምህሩ ‹ይኼ መዝገብ በአንተ ስርዝ ድልዝ አለቀ› ብሎ ተቆጥቶኛል።»

ዘነቡ ዳቦ ልትቆርስላቸው ተነሥታ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ቢላዋውን እንደያዘች ጎንበስ አለችና በእርጋታ፣ «ጋሼ፣ እምቢ ያሉት ሰው የለም?» አለቻቸው።

«አንድም! ለምኖኝ የመለስኩት ልጅ የለም። መዝገብ እኮ ነው የኔ ልጅ፣ የድንጋይ ጽላት አይደለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዳቦው መሐሉን ቆርሳ ሰጠቻቸው። ለእኔም ቆርሳ ሰጠችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። የአባ ፎጊ መዳፍ ከነጥቁር ፍሬዋ ፊቴ ተዘረጋ።

ስንመለስ ዶፍ ይጥል ነበር። ባጃጁ ሸራው ቀዳዳ ስለነበር በእኔ በኩል ውሃ ያስገባል። ዘነቡ ብርድ ሲያገኘኝ ካየች የራሷን አውልቃ የምታለብስ ሰው ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ናት። ያን ቀን ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆለፈችና መንገዱን ስታይ ቆየች። ሱቋ ጋ ልንደርስ ስንል ብቻ፣ «ደጁ ድረስስ ሄደሽ ነበር?» አለችኝ። «ወይስ እሱንም አልሄድሽም?»

«ደጁ ድረስ ሄጃለሁ።»

«ደግ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እኔ እኮ ሰውዬውን በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን አያቸው ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም» አለች። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ባጃጁ ቆመ፤ ወረደች። ይቅርታውን በሌላ ቀን ሱቋ ሄጄ ጠየቅኩ። ለደንበኛ ስኳር እየሰፈረች ሰማችኝ። «እሺ» አለች። ስኳሩን ቋጥራ ለደንበኛው ሰጠች።

አልተጣላንም። ዳቦ ትልክልኛለች፣ ስታመም ትመጣለች፣ ልጆቿም እንደ ድሮው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ያኔ አንድ ልብስ ለሁለት ስንለብስ፣ «እንኪ እትዬ» ብላ ነበር የምትሰጠኝ፤ ተድራ፣ ወልዳ፣ ሽበት አውጥታም እትዬ ነበርኩ። በዚህ ዓለም እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ትናንት ደወለች።

«ስንዱ፣ ደህና ነሽ? ዝናቡ በርትቷል፣ ልብስ ደርቢ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ቁም ሣጥኔን ከፈትኩ፤ ሰባት ሹራብ አለኝ፣ ሁሉም የእኔ ናቸው። አንዱን አውጥቼ ደረብኩ። ማንም ለብሶት ያልነበረ ልብስ ነውና፣ ቶሎ አይሞቅም።