የእኅቴ ስግደት

ልብን ፈጥሮ ትርታውን የሚያውቅ አምላክ ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። በእርሱ ፈቃድ በዚህ ሳምንት የልጅ ልጄን አራስ ሕፃን ይዘን ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ገብተን ነበር። ሕፃኗ ዳውን ሲንድረም አለባት። ሐኪሟ የልብ መመርመሪያውን መሣሪያ በደረቷ ላይ ስታሳርፍ፣ በደብዛዛው ክፍል ውስጥ የልቧ ድምፅ ዱቄት እንደሚነፋ ወንፊት ሽው ሽው እያለ ተሰማ። «እንዲህ ያሉ ልጆች ልባቸው ገና በጠዋቱ መታየት አለበት፤ የእርሷ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል» አለችን። ሌሎቹ ተመስገን ሲሉ እኔ ታናሽ እኅቴ መጣችብኝ።

ልጅነታችን ከአምበር ወዲያ፣ ገጠር ነው። እኅቴ ዐይኖቿ ወደ ላይ ሸርተት ያሉ፣ ምላሷ ከከንፈሯ ብቅ የሚል፣ ያገኘችውን ሁሉ ጉንጩን የምትስም ልጅ ነበረች። ለሁኔታዋ ስም አልነበረንም። ከንፈሯ ሁልጊዜ ይጠቁር ስለነበር የሠፈር ልጆች፣ «ብቻሽን አጋም በላሽ!» ይሏታል፤ እርሷም አፏን ከፍታ ባዶውን ታሳያቸው ነበር።

እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንወጣበት ዳገት እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። እኅቴ ጥቂት ትሄድና ቁጢጥ ትላለች፤ ጉልበቶቿን ከደረቷ አጣብቃ፣ ራሷን ደፍታ፣ ፊቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። መንገደኛው ሁሉ ይቆማል።

«ኧረ እዩልኝ፣ ገና ከሩቅ ትሰግዳለች!» ይላሉ ሴቶቹ።

«እናንተ ደጁ ደርሳችሁ እንኳ መች ትሰግዳላችሁ!» ይላል አባቴ። ከዚያ ነጠላውን አጣፍቶ ከጎኗ ይሰግዳል። እናቴ ደግሞ «ከአምላኳ ጋር ናት፤ አትንኳት» ትለን ነበር።

አንድ እሑድ ክትባት ሊሰጥ የመጣ ድሬሰር ከዳገቱ ሥር ሆኖ አያት።

«አባባ፣ ይህች ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ትቀመጣለች?»

«ትቀመጣለች ትላለህ? ትሰግዳለች እንጂ!»

ድሬሰሩ የጣቶቿ ጫፍ እንዳበጠ፣ ጥፍሮቿም እንደ ጠቆሩ አሳየው። «ትንፋሽ አጥሯት ነው። ማርቆስ ያምጧት» አለው።

ወሰድናት። አልኮል በሚሸት ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ደረቷን ረዥም ጊዜ አደመጠ። ከማኅፀን ጀምሮ በልቧ ውስጥ ቀዳዳ እንዳለ፣ ወደ ሳንባዋ የሚወስደው የደም መንገድም እንደ ጠበበ፣ ቁጢጥ ስትል ትንፋሿ እንደሚመለስላት ነገረን።

«ይደፈናል?» አለ አባቴ።

«ባሕር ማዶ ይደፍኑታል። እዚህ ገና አልተጀመረም።»

እናቴ ነጠላዋን በአፏ ነክሳ ቆየች። ስትለቀውም፣ «ጸሎት መስሎኝ ተውኋት፤ አንድ ቀን እንኳ ሳላዝላት» አለች።

ከዚያ ወዲያ ዳገቱን አባቴ አዝሏት ይወጣ ጀመር። ሴቶቹ፣ «ምነው፣ ስግደቷን ተወች?» ቢሉት «ደክማ ነው» ይላል እንጂ ሐኪሙ ያለውን ለማንም አልተናገረም።

የፍልሰታ እሑድ ነበር፤ ጉሙ ከዛፎቹ አልተነሣም። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ ዝም አለች፤ የተኛች መሰለን። አባቴ ከደጀ ሰላሙ ሲደርስ ዝቅ አለላት።

«ደርሰናል እመቤቴ፣ ውረጂ።»

እጆቿ አንገቱን እንዳቀፉ ነበሩ።

«ውረጂ እንጂ፣ ቅዳሴው ሊገባ ነው።»

እናቴ ቀረብ ብላ ፊቷን አየች። አባቴም የእናቴን ፊት አየና ቀስ ብሎ ተነሣ። ከቅጥሩ ውጭ፣ በጉሙ ውስጥ፣ እንዳዘላት ቆሞ አስቀደሰ። ካህናቱ «እትዉ በሰላም» ብለው ሕዝቡን እስኪያሰናብቱ ድረስ አላወረዳትም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቸሩ አምላክ የታናናሾቻችሁን ትንፋሽ ይጠብቅላችሁ፤ ከቤታችሁም የሕፃን ሳቅ አያጉድልባችሁ። አሜን።