አባቴ ቃል የጠፋባቸው ጠዋት

ለዶክትሬቴ የማጠናው ሰው የሰማውን ንግግር እንዴት እንደሚረዳ ነው። ዓረፍተ ነገሮች ቀድቼ፣ አንዳንዶቹን በገበያ ጫጫታ ሸፍኜ አሰማለሁ፤ ምን እንደተባለ እጠይቃለሁ። ለዚሁ ጥናት አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ከመሄዴ በፊት ቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ያለው ቤታችን አደርሁና ጠዋት ዓረፍተ ነገሮቹን አባቴ ላይ ልሞክር አሰብሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው።

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሳደርግላቸው ሳቁ። የመጀመሪያዎቹን ደህና አድርገው መለሱ። ከዚያ የሚቀጥለውን አሰማኋቸው።

«አባባ፣ ምን አለ?»

«በሬው… ከመቋሚያው ወረደ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ማዳመጫውን አወለቅሁላቸውና «ዓይንዎን ይጨፍኑ እስቲ» አልኋቸው። አልጨፈኑም። ከንፈሬን ትኩር ብለው ያያሉ።

«እኔ ማን ነኝ?»

«አዎ አዎ፣ ገብሱ ይገባል» አሉ፣ በዚያው በለመድሁት ለስላሳ ድምፅ።

ይህን በሽታ ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲታገድ ጆሮ እየሰማ ንግግር ትርጉሙን ያጣል። እናቴን ጮኼ ጠራኋት።

«የምንላቸው አይገባቸውም፣ መኪና እንፈልግ!»

«አሁን ደህና አልነበሩም እንዴ?» አለችና አጠገባቸው ተንበርክካ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረች። አባቴ ተቀበሏት፤ አንዲት ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁት።

«ይኸው! ምንም አልሆኑም!» አለች እያለቀሰች።

እኔን ይበልጥ ያስፈራኝ ይኸው ነው። በቃል የተያዘ ጸሎት እንዲህ ባለው ሕመም ውስጥም ሊተርፍ እንደሚችል አውቃለሁ። «ውሃ ይፈልጉ እንደሆን ጠይቂያቸው» አልኋት። ጠየቀቻቸው። «ደጁ ተዘራ» አሉ። ፊቷ ጠቆረ፤ ነጠላዋን አንሥታ መኪና ልትፈልግ ወጣች።

መንገዱ በዚያ ሰሞን በጦርነቱ ምክንያት አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የእህል ጭነት መኪና ለምነን ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተሳፈርን። ኬላ ላይ ያሉ ታጣቂዎች እንዳይመልሱን እየፈራሁ መንገድ መንገዱን አያለሁ። አባቴ እጄን ይዘው አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። ምን እንደሆነ አልገባኝም። «አዎ፣ አባባ» እላለሁ፤ እሳቸው ግን እንደገና ይጠይቃሉ።

ደረስን፤ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ቃላቱም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ዛሬ አንድ ሰው ዝግ ብሎ ሲያናግራቸው ይረዳሉ፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ ግን ይጠፋባቸዋል። ቅኔ ማስተማሩን ትተዋል። ስደውልላቸው፣ «እንዴት አደሩ?» ብዬ መልሳቸውን እስክሰማ ድረስ አልተነፍስም።