የጋሽ ሰለሞን ጋቢና ባዘቶ

ሥራ የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግሥት ነው። ቦታው ላስ ቬጋስ፣ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ አፓርትመንት ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ላይ «ያገር ልብስ ይጠገናል» ይላል። ውጭው እሳት ስለነበር እንደገባሁ ፋኑን ከፈትኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ነጭ ነገር በሙሉ ብድግ ብሎ ጣራ ነካ። ግማሹ ፀጉሬ ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ» አሉ የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች፣ «የጠዋት ሥራዬን እኮ ለበሽው!»

ያ ነጭ ነገር ባዘቶ ነበር። ቃሉን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። አሁን ሦስተኛ ሰመሬ፣ የትምህርት ዕረፍቴ፣ ነው፤ አዲስ ልጅ ቢቀጠር የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ስለዚህ ልጻፈው።

ቤቱ ሦስት ደረጃ አለው፦ የሚያባዝት፣ የሚፈትልና የሚጠግን። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እትዬ ዘነበች ናቸው። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ጥጡን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ዘመዳቸው ከአሪዞና ከነፍሬው ያመጣልናል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጌ በብረት መዳመጫ ስገፋው ፍሬው እየዘለለ ይወጣል። ከዚያ የደጋኑን ጅማት ጥጡ መሃል አስገብቼ እመታለሁ፤ ጥጡ ይፍታታል፣ ይነፋል። ይሄ መንደፍ ነው። የተነደፈውን በዘንግ ላይ ጠቅልዬ ዘንጉን ስስበው፣ ጣት የሚያህል ለስላሳ ጥቅል ይቀራል። ባዘቶ እሱ ነው።

የቬጋስ አየር ደረቅ ነው። ደረቅ ጥጥ ሲነደፍ ኤሌክትሪክ ይይዝና እጅ ላይ ይለጠፋል፤ ሲፈተልም ይበጠሳል። ስለዚህ እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ እንሰቅላለን። ስነድፍ ኤሲው ይጠፋል። ላቤ ግን አይጠፋም።

ባዘቶ ዋናው ሥራው ለእንዝርት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ እትዬ ዘነበች ጆሯቸውን ሲያማቸው ከእሱ ቆንጥረው ይወትፋሉ። ደንበኞች ደግሞ ስሙን ለሽበት ይጠቀሙበታል። «የወንድምሽ ራስ ባዘቶ መሰለ» ሲባል እሰማለሁ። ወንድምየው ሲሰማ ደስ አይለውም።

ባለፈው ሰመር፣ ሰኞ ዕለት፣ ጋሽ ሰለሞን ጋቢ በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ገቡ። ካዚኖ ውስጥ ዲለር፣ ካርታ አዳይ፣ ናቸው፤ ከሺፍት ስለመጡ ጥቁር ሰደርያቸውን አላወለቁም።

«እማዬ ቅዳሜ ትገባለች» አሉ። «ይኼን በእጇ ፈትላ ነው የሰጠችኝ። ከኤርፖርት ሳንወጣ ትጠይቀኛለች።»

እትዬ ዘነበች ዘረጉት። መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው።

«ምን አገኘው?»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

ጋሽ ሰለሞን ጣራ ጣራ አዩ። «ከጃኬት ጋር... ከዚያ ድራየር፣ ማድረቂያው ማሽን ውስጥ። ዚፑ ያዘው መሰለኝ።»

«አይ ያንተ ነገር! ጋቢ ይጠበሳል?»

«እትዬ፣ እባክሽ። ስታየው ታዝንብኛለች። እንዳታውቅ ብቻ አድርጊልኝ።» ከዚያ ሌላ ከረጢት አወጡ። «እንዳትቸገሩ ብዬ ባዘቶ ከፋርማሲ ገዝቼ መጥቻለሁ።»

እትዬ ዘነበች ሳቃቸውን ዋጡ። «ልጄ፣ ንገሪው።»

አንዷን የጥጥ ኳስ ሳብ አደረግኳት። ወዲያው ለሁለት ተቆረጠች። «ጋሼ፣ ይኼ ቃጫው አጭር ነው፤ አይፈተልም። ለጥፍር ቀለም ማጥፊያ ይሆናል።»

«ለሚስቴ እወስድላታለሁ» አሉና ከረጢቱን መልሰው ያዙ።

በማግሥቱ እትዬ ዘነበች ከእኔ ባዘቶ ፈትለው ክሩን ጋቢው ላይ አስተኙት። ክሩ ንጹሕ ነው፣ እኩል ነው። ጋቢው ግን እዚህ ወፍራም፣ እዚያ ቀጭን ነው።

«እንግዳ ይመስላል» አሉ። ሆን ብለው አንዴ እያወፈሩ አንዴ እያቀጠኑ ደግመው ፈተሉ። እሱ ደግሞ ማስመሰሉ ከሩቅ ያስታውቃል። እስከ ሐሙስ አልሆነም። ጋሽ ሰለሞን በየሺፍታቸው ዕረፍት ይደውላሉ፤ እትዬም «ተው፣ አታስጨንቀኝ» ብለው ይዘጋሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ከጋቢው ጫፍ የተንጠለጠለ ክር ቆረጥኩና ጥምዝምዙን ወደ ኋላ ፈታሁት። ቀስ በቀስ ጥጥ ሆነ። ውስጡ ያልተፍታቱ ቋጠሮዎችና ቡናማ የፍሬ ቅርፊት አገኘሁ።

«እትዬ፣ ችግሩ ከእርስዎ አፈታተል አይደለም፣ ከእኔ ባዘቶ ነው። የጋሽ ሰለሞን እናት እንደዚህ ብዙ አልነደፉትም።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «በይ እንደሳቸው ንደፊ።»

ሁለት ሰመር ቅርፊት እንዳይቀር ስማር ቆይቼ፣ ቅርፊት ማስቀረት ከበደኝ። ደጋኑን ጥቂት መታሁና ተውኩ። ጣቶቼ ቅርፊቱን ሊለቅሙ ሲሄዱ መለስኳቸው። እትዬ ዘነበች ምንም ሳያስመስሉ ፈተሉት። ክሩ ራሱ የፈለገበት ወፈረ፣ የፈለገበት ቀጠነ። ጋቢው ላይ ስናስተኛው ጠፋን። ዓርብ ቀዳዳው በመርፌ ተሞላ።

ሰኞ ጋሽ ሰለሞን «ያገር ልብስ ቤቱን ካላየሁ» ብለው ያስቸገሯቸውን እናታቸውን ይዘው መጡ። እማማ አለሚቱ አጭር ናቸው፤ ጋቢውን በዚያ ሙቀት ደርበውታል። ተቀመጡና ጭናቸው ላይ አደረጉት። አላዩትም፤ በጣታቸው ሄዱበት። ጥገናው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጋሽ ሰለሞን ከኋላቸው ሆነው በዓይን ይለምኑናል።

«ይኼን እኔ አልፈተልኩትም» አሉ እማማ አለሚቱ።

«እማዬ፣ እኔ...»

«ዝም በል። ያንን የሚያሽከረክር ምድጃህን ትናንት ሚስትህ አሳይታኛለች።» ወደ እኛ ዞሩ። «አፈታተሉ የኔ አይደለም። ባዘቶው ግን የኔው ነው። እንደኔ ሰነፍ ማን ናት?»

እትዬ ዘነበች በአገጫቸው እኔን አሳዩ።

«ያኔ ሰነፍ ሆኜም አይደል» አሉ፣ አሁን ለልጃቸው። «ቪዛህ ድንገት ወጣ። ሳትሄድ ልድረስ ብዬ ነው በደንብ ሳልነድፈው የፈተልኩት። ቅርፊቱን አይቼዋለሁ፤ ልለቅመው ጊዜ አልነበረኝም።»

ጋሽ ሰለሞን ወንበር ፈልገው አጠገባቸው ተቀመጡ። የጋቢውንም ጫፍ ያዙ።

ለሚቀጠረው ልጅ የምለው ይህ ነው፦ የተቀደደ ልብስ ሲመጣ መርፌ አታንሳ። ከጫፉ አንድ ክር ፍታና ባዘቶው እንዴት እንደነበር እይ። ባዘቶው ካልተመሳሰለ ክሩ አይመሳሰልም።