ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ቦርጬን ማጥፋት

ሃርጌሳ ሰውን የምትጠራው በጉድለቱ ነው። አንድ ዓይኑ የጠፋበት «ዓይኑ» ይባላል፣ የሚያነክሰው «አንካሳው» ይባላል፣ ሁለቱም ሲጠሩ አቤት ብለው ይዞራሉ። የሚቀየም የለም፤ የተቀየመ «ኩርፊያው» የሚል ሁለተኛ ስም ይጨመርለታል። አባትና እናት ያወጡት ስም ለፓስፖርት ነው። እኔን በሶማሊኛ የሚሉኝ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቦርጭ» ነው። ሌላ የሰውነት ክፍል የሌለኝ ይመስል።

ስሙ በሐሰት አልወጣልኝም። የምነዳው የውሃ ቦቴ ነው። ሆዴ መሪውን ይነካ ነበር ብል ራሴን ዝቅ ማድረግ ይሆንብኛል፤ መሪውን የሚያዞረው እሱ ነበር። ወደ ግራ ስታጠፍ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፣ ወደ ቀኝ ስታጠፍ እለቃለሁ። ምሳ ከበላሁ ደግሞ ክላክሱ ሳልነካው ይጮሃል። የ26 ጁን ሰፈር ሴቶች ድምፁን ሲሰሙ «ቦርጭ ሩዙን በልቶ መጣ፣ በርሜል ክፈቱ» ይባባሉ ነበር።

እኔም ዝም ብዬ የምሰየም ሰው አልነበርኩም። ድሬዳዋ ያደገ አፍ አያርፍም፤ የሰፈራችንን ግማሽ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አልጸጸትም። አንዳንዶቹ ሥራዎቼ ከሞትኩም በኋላ ይኖራሉ። ከሁሉ የምኮራበት «ጥርሱ» ነው። ጥርሱ የግመልና የበግ ደላላ ነው። ዋሄን ገበያ ጥርሶቹ ቀድመውት ይደርሱና ዋጋ ጠይቀው ይጠብቁታል። ይህን አንድ ሰርግ ላይ ተናገርኩ፤ ሰው እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሰውየውን እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና መላእክት ብቻ ናቸው።

ታዲያ ልጄን ሊያገባ የፈለገው ወጣት የጥርሱ የወንድም ልጅ ሆኖ አረፈው! የልጁ አባት በሕይወት የለም። ሽማግሌ እየመራ ቤቴ የሚመጣው አጎትየው ነው።

ይህን የሰማን ዕለት ምሳ ላይ ነበርን። ልጄ ሳህኔን አየች፣ ሆዴን አየች፣ ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ሆነሽ?»

«አባዬ፣ ያ ሰውዬ ስለ ሆድህ አንድ ነገር መናገሩ አይቀርም። በሰው ፊት።»

«ይናገራ! እኔ አፍ የለኝም?»

«እኮ!» አለች ሚስቴ ከጓዳ። ቤታችን ውስጥ ጎረቤት እንዳይሰማ ሲፈለግ የሚወራው አማርኛ ነው፤ ሚስቴ ግን አማርኛውንም ስለምትጮኸው ምስጢራችንን የሚጠብቅልን ጎረቤቶቻችን ቋንቋውን አለመማራቸው ብቻ ነው። «እኮ አፍ ስላለህ ነዋ! እሱ አንድ ይወረውራል፣ አንተ አሥር ትመልሳለህ፣ ጥርሱን ታነሳበታለህ፣ ሰውየው ጫማውን አድርጎ ይወጣል፣ ልጅቷ እዚሁ ከእኔ ጋር ታረጃለች። አፍህን መዝጋት እንደማትችል ካገባሁህ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ ሆድህን አጥፋ። የሚናገርበት ነገር አሳጣው።»

«ሆድ እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«የገባበት ቀዳዳ ይታወቃል። እሱን ዝጋ።»

ልጄ እንባዋን ጠረገች። «የቦርጭ ልጅ ተብዬ አደግኩ፤ የቦርጭ ልጅ ተብዬ አልዳርም» አለች። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ልጁ ከበርበራ ወደብ ሥራው ረዘም ያለ ፈቃድ ሲያገኝ ነበር። ጥቂት ወራት አሉን ማለት ነው።

ጋአን ሊባህ ሰፈር ፋርማሲ ያለው የልጅነት ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። እሱም የድሬ ልጅ ነው። «ጆሮ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ነፋስ ባለበት ቀን የበሩን እጀታ ሳይለቅ ነው መድኃኒት የሚሸጠው።

«አቦ፣ መድኃኒት ስጠኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ለዚህ» ብዬ በእጄ ቸብ አደረግሁት።

ከባንኮኒው በላይ አንገቱን አስግጎ አየ። «ለዚህ መድኃኒት የለም። ለዚህ የሚጠራው ማዘጋጃ ቤት ነው፣ አፍራሽ ግብረ ኃይል።»

ከሳቀብኝ በኋላ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ መሮጥ። ሌሊቱን ያልበላ ሰውነት የሚያቃጥለው ሲያጣ ወደ ስቡ ይሄዳል ይባላል።

«የእኔ ስብ ከተቀጣጠለማ ከተማው መብራት አያስፈልገውም» አልኩት።

«ይባላል ነው ያልኩህ። ከቁርስ በፊት ሮጥክ ከቁርስ በኋላ ብዙ ለውጥ የለውም የሚሉም አሉ፤ ዋናው ቀኑን ሙሉ የምትከተው ነው ይላሉ። አንተ ግን ከቁርስ በኋላ ልሩጥ ብትል አይሆንልህም፤ ያንተ ቁርስ የሚያልቀው ቀትር ላይ፣ ዙሁር ሲሰገድ ነው።»

ሃርጌሳ ውስጥ ጎልማሳ ሰው አይሮጥም። ከሮጠ ወይ ሰርቋል ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ከመስጊድ እንደወጣሁ ሽርጤን በአንድ እጄ፣ ሆዴን በሌላው ይዤ ሩጫ ጀመርኩ። መንገድ ዳር ላሆህ የምትጋግረዋ ሴትዮ ሊጡን እንደያዘች ተነስታ «ምን መጣ?» ብላ ጮኸች። ሁለት ሰዎች ምን እንደመጣ ሳያውቁ አብረውኝ መሮጥ ጀመሩ። ውሾች ተከተሉን። ካርቶን የምትበላ ፍየል ማኘኳን አቁማ እስካልፍ ድረስ በሐዘን ተመለከተችኝ። በመጨረሻ ውሃ በአህያ ጋሪ የሚሸጠው ተፎካካሪዬ ከኋላ ደረሰብኝ፤ አህያውም ሳይቸኩል፣ እየተራመደ፣ ቀደመኝ።

«ቦርጭ! ቦቴው ተሰረቀብህ እንዴ?» አለኝ ሲያልፍ።

«ስፖርት ነው!»

«የምን ስፖርት?» አለ፤ ዞሮም አላየኝም።

ሳምንታት ሮጥኩ። ላቤ በበርሜል ቢጠራቀም ሰፈሩን ያጠጣ ነበር። ሆዴ ግን ፍንክች አላለም፤ እንዲያውም ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሸሸ። ፋርማሲው ሄጄ ጆሮን ልገድለው ደረስኩ።

«ከመሮጥህ በፊት ምን በላህ?» አለኝ።

«ወላሂ ምንም!»

«ጠጣህስ?»

«ሻይ ነዋ።»

«ምን ዓይነት ሻይ?»

ምን ዓይነት ሻይ ብሎ ጥያቄ አለ? በወተት የፈላ፣ ሄልና ቀረፋ የገባበት፣ ስኳሩ ማንኪያውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሻይ። ጉሮሮ ሳይረጥብ ይሮጣል እንዴ? ሚስቴ ለሱብሂ የምታዘጋጀውን ፔርሙዝ ጨርሼ ነበር የምወጣው።

ጆሮ ግንባሩን ባንኮኒው ላይ ደፋ። «አንተ ባዶ ሆድህን አይደለም የሮጥከው። ኬክ በብርጭቆ እየጠጣህ ነው።»

እኔ ምን አጠፋሁ? እዚህ አገር ሻይ ምግብ ነው የሚል አልሰማሁም። እንግዳ መጥቶ ሙሉ ፔርሙዝ ቢጨልጥ፣ ሲወጣ ባለቤቱ «ምንም ሳይቀምስ ሄደ» ብሎ ያዝናል። ጆሮ ግን አላቆመም፤ ከሩጫ ስመለስ ምን እንደምበላም ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጉበት፣ ላሆህ፣ ማር፤ ምሳ ላይ ደግሞ ለደከመ ሰው የሚገባው ሩዝ፣ ከነፍየሉ፣ ከነሙዙ። የሮጥኩትን ካሣ ጭምር ተቀብዬ ነበር የምተኛው።

ጆሮ ለሚስቴ ስልክ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ሕይወት የለም። ፔርሙዙ ጎረቤት ቤት ተሰደደ። ሳህኔ ሲመጣ የልጅ ልጅ ያለኝ እየመሰለኝ ዞር ብዬ አያለሁ፤ የሕፃን ነዋ! ሚስቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የራሷን ትበላለች፣ ጣቷን ትልሳለች፣ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። እኔ በየማለዳው እሮጣለሁ፤ አሁን በእውነተኛ ባዶ ሆድ፣ የማልፋቸው ፍየሎች ሁሉ ተጠብሰው እየታዩኝ።

ቦርጩ ሄደ። ግን እንደ ክፉ ተከራይ መጨረሻ ላይ ነው የወጣው። መጀመሪያ ፊቴን ይዞ ሄደ፣ ቀጥሎ መቀመጫዬን፣ ቀጥሎ አንገቴን። የቀረው ቆዳ ምሰሶው እንደተነቀለ ድንኳን ወደ ታች ተዘረገፈ። መስታወት ፊት ቆሜ ሚስቴን «እህ?» አልኳት።

በደንብ አየችኝ። «ያኔ ወፍራም አስቀያሚ ነበርክ» አለች። «አሁን ወፍራሙ ሄዶ አስቀያሚው ብቻውን ቀረ።»

ሰፈሩ ደግሞ ሊቀብረኝ ተዘጋጀ። ሴቶች ሾርባ ይዘው እየመጡ ሚስቴን በሹክሹክታ «ስኳር ነው ወይስ ሳንባ?» ይሏታል። ዋሄን ገበያ ገንዘብ የሚመነዝሩት ሰዎች ሲያዩኝ «አላህ ይማርህ» ይሉኛል፤ ድምፃቸው ግን የሚድን ሰው የሚያናግር አይመስልም። አንዱማ ቦቴው ይሸጥ እንደሆነ ሚስቴን ጠይቋታል። «ትንሽ ጠብቅ» ማለቷ ነው እኔን ያናደደኝ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ወንዶቹ ሳሎን ፍራሹ ላይ ዙሪያውን ተቀመጥን፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ጆሮ በእኛ በኩል አጠገቤ ነው። ጥርሱ ጥርሶቹን ተከትሎ ገባ። ጨበጠኝ፣ አለፈኝ፣ ሳሎኑን ዙሪያውን ቃኘ።

«ቦርጭ የታለ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ተመልሶ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ለወራት ያዘጋጀው ስድብ እጁ ላይ ሲሞት ታየኝ። ግን ደላላ ነው፤ ያልታሰበ ከብት ላይም ጉድለት አያጣም። «አላህ ይዘንለት» አለ። «ሰውየው ሞቶ ልብሱን ብቻ ነው ያስቀመጣችሁልን?»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ምላሴ ጥርሶቼን እየገፋ ወጣ ወጣ አለ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ዋጥኩት።

ጥርሱ ግን ፊቱን አጠቆረ። «ቀልዱ ይቅርና፣ ጀማዓ፣ የሰው ልጅ ነው የምንወስደው። በዚህ ቤት በሽታ ካለ መጠየቅ መብታችን ነው። በዘር የሚሄድ ከሆነ እኛ ቤት ሊገባ ነው።»



«በሽታ የለም» አልኩ። «ሮጬ ነው የከሳሁት።»

«ማን አባሮህ?»

«ማንም። ጠዋት ምንም ሳልበላ እሮጣለሁ።»

ጺማቸውን ሒና የተቀቡ አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ልጄ፣ ቤት ምግብ ጠፍቶ ነው?»

«አይ፣ አልጠፋም።»

«ምግብ ሞልቶ፣ ሳይበላ፣ ማንም ሳያባርረው ይሮጣል» አለ ጥርሱ፣ ቀስ እያለ። «በሽታ ቢሆን ይሻል ነበር። በሽታ ሐኪም አለው። ይሄ ግን እብደት ነው፤ እብደት ደግሞ ወደ ልጅ ይወርዳል።»

ጆሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ስብ ማቃጠል ሊያስረዳ ጀመረ። «አንተ አትዙር፣ ነፋስ ታስገባለህ» አለው ጥርሱ፤ ሰው ዳግመኛ ሳቀ። ይህን ጨዋታ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጎበዝ ተማሪ መሆናቸውን መካድ አልችልም።

«ጤነኛ ከሆነ ይብላና እንየው» አሉ አዛውንቱ።

ፔርሙዝ ያሰደደችብኝ ሚስቴ በመጋረጃው ሥር ትሪውን ገፋችው። የሩዝ ተራራ፣ የፍየል ወርች፣ ሙዝ፣ ከላይ የበግ ላት። ሌላው ሰው እጁን ሰብስቦ ተመለከተኝ። በላሁ። በእነዚያ ወራት ሆዴ የቡጢ ያህል ሆኗል፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ቀድሞ የገባውን እየገፋ ነው ቦታ የሚያገኘው። ላቤ ከሩጫው ይልቅ ወረደ። ጥርሱ ተጠጋኝ። ላቱን በእጁ ቆርሶ፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ አድርጎ፣ አፌ ውስጥ ሞጀረልኝ።

«ብላ፣ ቦርጭ። ስምህ ባለቤት አልባ እንዳይቀር» አለና ፈገግ አለ። ሁሉም ጥርሶቹ ወጡ፣ ከፊቴ አንድ ስንዝር ላይ።

የሕይወቴ ታላቁ ቀልድ የመጣልኝ ያኔ ነው። ጥርሶቹ አሉበት፣ የሚሸጣቸው ግመሎች አሉበት፣ ሙሽራውም ሳይቀር አለበት። ያችን ቀልድ ብለቃት ሰውየው ከተማ ለቆ ይሰደድ ነበር። አፌን ለማጽዳት በፍጥነት አኘክሁ። ጥርሱ ፈገግታውን ሰበሰበ፤ የምመልሰውን እየጠበቀ ነው፤ ሳሎኑ በሙሉ እየጠበቀ ነው። ጫማውም በሩ ሥር ይታየኛል።

መጋረጃው በጣት ስፋት ተከፈተ። የልጄ አንድ ዓይን። ከሁለታችን፣ ከሚስቴና ከጆሮ በቀር ማንም በማይሰማው አማርኛ፣ «አባዬ፣ በአላህ፣ አትናገር» አለችኝ። «ብላ።»

የቦርጭ ልጅ ተብዬ አልዳርም ያለችው ልጅ ናት።

ዋጥኩ። ቀልዱ ከላቱ ጋር ተያይዞ ወረደ፣ ጉሮሮዬን እየላጠ። ሌላ ሙሉ እፍኝ ሩዝ አንስቼ በራሴ እጅ አፌን ደፈንኩት።

«ምነው ዝም አለ?» አለ ጥርሱ፣ እንደ መከፋት እያለ።

«አፉ ሙሉ ነው። ጤነኛ ነው» አሉ አዛውንቱ። «በሉ ፋቲሃ እንቅራ።»

የሚያብረቀርቁ እጆቼን ከሁሉም ጋር ዘረጋሁ።

ልጄ የቦርጭ ልጅ ተብላ ተዳረች። ሰርጉ ላይ ተናጋሪው በማይክ ሦስቴ ሲጠራኝ ሦስቴም አቤት አልኩ። አሁንም አንዳንድ ማለዳ እሮጣለሁ፤ ፔርሙዙም ከስደት ተመልሷል፤ ቦርጩም እንደዚያው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሷል። ጥርሱን መስጊድ ሳገኘው እጄን አጥብቆ ይጨብጣል፣ አፌን አፌን ያያል። ያልተናገርኩት አንድ ነገር እንዳለ ገብቶታል።

ብዕር ያነሳሁት ያችን ቀልድ እዚህ ላሰፍራት ነበር። ግን ልጄ አማርኛ ታነባለች።