የተፈረደበት ሽጉጥ

ቆቦ ላይ ሽጉጥ ጠጋኝ ቤት በተቀጠርኩ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ጭቃ መጨበጥ ነበር።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት የሞላኝ አናጢ ነኝ። መጋዜንና ሞረዴን በጆንያ ጠቅልዬ ገባሁ። ባለፈቃዱ ጠጋኝ ጋሽ አራጌ ከጦር ሠራዊት በአሥር አለቃነት የተሰናበቱ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። የእንጨት እጀታ የሚሠራላቸው ሰው ፈልገው ነው የጠሩኝ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ አንድ እፍኝ እርጥብ ጭቃ አቀበሉኝና «ጨብጥ» አሉ። ጨበጥኩ። «ልቀቅ» አሉ። ለቀቅኩ። ጭቃውን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት።

«አውራ ጣትህ ይበረታል፤ ትንሿ ጣትህ ሰነፍ ናት። ሽጉጥ ብትተኩስ ወደ ግራ ትስታለህ» አሉኝ።

በዕድሜዬ ሽጉጥ ይዤ አላውቅም ነበርና በሆዴ ሳቅኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አስተኮሱኝ። አምስቱንም ወደ ግራ ሳትኩ።

ሁለተኛው ትምህርት ወዲያው ቀጠለ። ሽጉጥ ሲመጣ መጀመሪያ ካርታው፣ ጥይት መያዣው ማለት ነው፣ ይወጣል፤ ከዚያ ይቀባበልና ጥይት ቤቱ በዓይን ይታያል፤ ከዚያም በትንሿ ጣት ይዳሰሳል። አፈሙዙ ሁልጊዜ በአሸዋ ወደ ተሞላው በርሜል ይዞራል። «‹ባዶ ነው› ያለህን ሰው አትመን» አሉ ጋሽ አራጌ፤ «የነፍስ አባትህም ቢሆኑ።»

ቤታችን ከዋናው መንገድ ዳር፣ በብየዳ ቤትና በጎማ ጠጋኝ መካከል ነበረች። ያሉን ዕቃዎች አንድ ሞርሳ፣ አራት ሞረድ፣ ካቻቢቴዎች፣ ጉጠት፣ የብርጭቆ ወረቀትና ዘይት ናቸው። እኔ ከወይራ እጀታ እጠርባለሁ፤ ጋሽ አራጌ ብረቱን ይይዛሉ። ከዚህ ሌላ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለዒላማ የሚሆን ሽጉጥ ሲመርጡ እናማክራለን። እናማክራለን ማለቴ ለወጉ ነው። የሚሰማን አልነበረም።

በእኛ አገር ሽጉጥ የሚገዛው እንደ በሬ ነው። ገዢው ብቻውን አይመጣም፤ ሦስት አራት ታላላቆች አስከትሎ ይመጣል። መጀመሪያ የሚይዘው በዕድሜ የገፋው ነው። ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝናል፤ ከዚያም «ይኸ ይከብዳል፤ ደህና ነው» ይላል። ቀጣዩ ተቀብሎ «ያብረቀርቃል» ይላል። ገዢው የሚይዘው በመጨረሻ ነው። ታላላቆቹ «ይኸ ነው» ካሉ በኋላ «ለእጄ አልመቸኝም» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ለአጎቱ እጅ የሚመች ሽጉጥ ታጥቆ ይሄዳል።

ጣቶቹ አጠር ቀጠን ያሉ አንድ ልብስ ሰፊ እንዲህ አድርጎ የገዛውን ሽጉጥ አስታውሳለሁ። ጣቱ ምላጩ ላይ የምትደርሰው እጁን ከእጀታው አጣሞ ሲይዝ ብቻ ነበር። በተኮሰ ቁጥር አፈር ያቦናል። ይኸው ሰው የደንበኛውን ትከሻ ሦስት ጊዜ ሳይለካ መቀስ አያነሳም ነበር።

ለዚህ ሁሉ ሰው መራጭ የነበሩት ሼህ ሰይድ ናቸው። ሰፊ መዳፍ ያላቸው፣ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሽጉጥ ተኩሰው አያውቁም። የቆቦ ሽጉጥ ግማሹ ግን በእሳቸው መዳፍ ልክ የተመረጠ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የዒላማ ማኅበራችን ከሮቢት አለፍ ብሎ ባለው ደረቅ ወንዝ ይሰበሰባል። ፈቃድ አለን። ከኋላ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ አለ፤ ከፊቱ ክብ የተሳለበት ሳንቃ ይቆማል፤ ሃያ አምስት እርምጃ ይለካል። ከዚህ ሳንቃ በስተቀር ጠላት አልነበረንም፤ እሱንም አብዛኞቻችን አንነካውም ነበር።

የሚነካው ሐጂ እንድሪስ ነበር። ነበሩ ልበል፤ ዛሬም የምጽፈውን ያነባሉ። ጎብዬ ላይ ማሽላ የሚያመርቱ፣ ግርማ ሞገሳቸው ከሩቅ የሚታይ ሰው ናቸው። ሽጉጣቸው ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ መዶሻ የሚከብድ ነው። የመቷቸውን ሳንቃዎች ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አንድ ቀን ባጃጅ ስንጠብቅ «ቅዳሜ ባትኖር፣ ወላሂ ሞላ፣ የቀረውን ሳምንት ምን አደርገው ነበር?» ብለውኛል። ቃሉን ያን ጊዜ ሰማሁት እንጂ አልያዝኩትም።

ከዚያ ሐጂ መሳት ጀመሩ። ማክሰኞ ሽጉጡን ይዘው መጡ።

«ምላጩ ደርቋል፤ ሲቀባበልም ይይዛል» አሉ።

ፈታሁት። ምንም የለውም። ጋሽ አራጌ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርገው «እውነትም ትንሽ ይዞት ነበር፤ አሁን ተሽሎታል» ብለው መለሱላቸው። በወሩ ተመለሱ። በሌላው ወርም ተመለሱ። በአራተኛው ጊዜ ሐጂ ከወጡ በኋላ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ።

«ጤነኛ ሽጉጥ እስከ መቼ ነው የምንጠግን?»

«እሳቸው ማምጣት እስኪተዉ» አሉ ጋሽ አራጌ፣ ቀና ሳይሉ።

ያን ሰሞን ሥራ የገባኝ መስሎኝ ነበር። አዲስ ባለሙያ ከሁሉ የሚወደው ትክክል መሆንን ነው።

ቅዳሜ ሐጂ ተራቸው ደረሰ። ሊያቀባብሉ ሳቡት፤ ግማሽ ድረስ መጥቶ ከእጃቸው አመለጠ። ደግመው ሳቡት፤ አመለጠ። ሰው ሁሉ ያያል። ሐጂ ዞር ብለው «ይኸ አናጢ ፈትቶ ሲገጥም አበላሸብኝ! ኸሱ በፊት እንዲህ አልነበረም» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ሐጂ፣ ሽጉጡ ጤነኛ ነው። የታመመው እጅዎ ነው» አልኩ።

ሐጂ ካርታውን አወጡ፤ ባዶ መሆኑን አዩ፤ እንደ ደንቡ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ጤነኛ ከሆነ አንተ ያዘው» ብለው በባጃጅ ሄዱ። ሦስት ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። ጎረቤቶቻቸው ቅዳሜ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ለብሰው ተቀምጠው እንደሚውሉ ነገሩን።

ጋሽ አራጌ አልተቆጡም። «ያልከው እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው።»

«ማን ጠየቀህ?»

ለባሏ ሞት ቅዳሜ እንጂ ሌላ መጽናኛ ለሌላት ሴት ይህን ባደርግ ኖሮ ሰው ሁሉ ይሰድበኝ ነበር፤ ሐጂ ወንድ ስለሆኑና ሽጉጥ ስለታጠቁ ማንም ሆድ ያላቸው አልመሰለውም። እኔም አልመሰለኝም። አፈርኩ።

ሽማግሌ ተላከ። ሼህ ሰይድና ጋሽ አራጌ ከፊት፣ እኔ የሐጂን ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ከኋላ ሆነን ጎብዬ ሄድን። በራፉ ላይ «ድንጋይ ተሸክሜ ልግባ ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ አራጌ ጥቅሉን አዩና «ተሸክመህ የለ» አሉኝ።

ሐጂ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሳንቃዎች ሥር ተቀምጠዋል። «በሰው ፊት እጅህ ሞቷል አለኝ!» አሉ።

«ታሟል ነው ያልኩት» አልኩ። የጋሽ አራጌ ክርን ጎኔን አገኘው። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ሼህ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንድሪስ፣ አንቱ ጥፋት አለብዎ?»

«የለብኝም።»

«ይኸ ልጅ ሆን ብሎ ነው ያዋረደዎ?»

ሐጂ «አይመስለኝም። አፉ ነው የቀደመው» አሉ።

«እንግዲያ እዚህ ቤት ውስጥ የቀረው ሽጉጡ ነው» አሉ ሼህ ሰይድ። «ጌታውን በሰው ፊት ያልታዘዘ እሱ። ሁለት ወዳጅ ያጣላ እሱ። ጥፋተኛው ሽጉጡ ነው። ሣጥን ይግባ።»

ሁላችንም ጥቅሉን አየነው። የሚከራከርለት አልተገኘም።

«ለስንት ጊዜ?» አሉ ሐጂ።

«ጠባዩ እስኪታረም።»

«እስኪያ እኔስ?»

«እስኪያ ሞላ ሌላ ያሰናዳልዎታል። ካሣው ይኸ ነው።»

ሐጂ ተነሥተው ሽጉጡን የብረት ሣጥን ውስጥ አስገቡና ቆለፉ።

በማግሥቱ ማኅበሩ ካሉት ሽጉጦች ሦስቱን ጨርቅ ላይ ዘረጋሁ። ሼህ ሰይድ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ጋሽ አራጌ «ዛሬ መጀመሪያ ባለቤቱ ይያዝ» አሏቸው። ሼህ ሰይድ እጃቸውን ወደ መቁጠሪያቸው መለሱ። እንዲህ ያለ ነገር ቆቦ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

መጀመሪያ ጭቃ አስጨበጥኳቸው። የሦስቱ ጣቶች ምልክት አለ፤ የቀለበት ጣትና የትንሿ ጣት ግን ጉንዳን የሄደበት ያህል ብቻ ነው የታየው። ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ዝምታ የከበደኝ ሥራ የለም።

«ዓይንዎን ጨፍነው ወደ ሳንቃው ያንሡት። አሁን ይግለጡ» አልኩ። ማነጣጠሪያው ራሱ ከዓይናቸው ፊት ከመጣ እጀታው ለእጃቸው ይስማማል፤ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይስማማም። ከዚያ ምላጩን በጣታቸው ጫፍ ሥጋ እንዲነኩት፣ ያለ ማንም ርዳታ እንዲያቀባብሉት፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው እስከ ሠላሳ እንዲቆጥሩ አደረግኩ። በመጀመሪያው ሽጉጥ አሥራ አንድ ላይ ክንዳቸው ወረደ፤ በሁለተኛው አሥራ ዘጠኝ ላይ። ሦስተኛዋ ‹ሃያ ሁለት› የሚሏት ትንሿ ሽጉጥ ነበረች፤ ጥይቷ ቀጭን፣ ድምጿ ልዝብ፣ ስትተኮስ እጅ የማትመታ። ሠላሳን አልፈው እየቆጠሩ ነበር።

«ይኸማ የሙሽራ ጌጥ ነው» አሉ። ግን አላስቀመጧትም።

አምስት ቀን ወይራ ጠረብኩ። እጀታውን ሁለቱ ጣቶች በሚያርፉበት በኩል ወፈር አድርጌ አበጀሁት፤ ጣት ባይጨብጥ እንኳ እንጨቱ ራሱ መዳፍ ውስጥ እንዲቀመጥ። ለምን እንደወፈረ ማንም አልጠየቀ፤ እኔም አልተናገርኩ።

ቅዳሜ ሐጂ መጡ። አቀባበሉ፤ አላመለጣቸውም። አምስት ተኮሱ፤ አምስቱም ሳንቃው ላይ፣ ሁለቱ መሐል አረፉ። ሰው አጨበጨበ። ሐጂ ማነጣጠሪያውን አየት አድርገው «ለጊዜው ያህል ናት፤ ዋናው እስር ላይ ነው» አሉ። ሁላችንም አዎ አልን። ሣጥኑን ግን ማንም ከፍቶ ጠባዩ መታረሙን አላየም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሽጉጥ ሲጠይቅ ‹የሐጂን ዓይነት› ማለት ጀመረ። ልብስ ሰፊውም አንድ ቀን ሽማግሌ ሳያስከትል፣ በጓሮ በኩል መጣ። «ለወንድሜ ነው» አለኝ። የወንድሙን እጅ በራሱ እጅ ለካሁለት።

ክፉው ጊዜ ሲመጣ ማኅበሩ ተበተነ። ለጨዋታ የተተኮሰና ለሌላ የተተኮሰ ጥይት በድምፅ አይለይም፤ ሕፃናት አልጋ ሥር እየገቡ ዒላማ እንጫወት ማለት አይቻልም። ጋሽ አራጌ አረፉ። እኔ ዛሬ ቁልፍና የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሐጂ በባጃጅ ያንን የብረት ሣጥን ጭነው መጡ። ቁልፉ ዝጎ አልከፈት ብሏል። ብሎኑን ልፈታ ስል ካቻቢቴው ሸርተት አለኝ። ደገምኩት፤ ሸርተት አለ። ሐጂ እጄን አዩት፤ ረዘም አድርገው አዩት። እኔም ማየታቸውን አየሁ፤ ምን ሊሉ እንደሚችሉም አውቃለሁ፤ ተራው የእሳቸው ነው።

«ሞላ፣ ይኸ ካቻቢቴ አርጅቷል» አሉኝ።

ከገዛሁት ወር አልሞላውም። «እውነትዎን ነው፣ ሐጂ» አልኩ። ሣጥኑን ለሌላ ቀን አቆየነው።

ሲሄዱ ጓሮ ገብቼ ጭቃ ጨበጥኩ። ትንሿ ጣቴ ድሮም ሰነፍ ነበረች፤ አሁን ጎረቤቷም ተከትላታለች። ለካቻቢቴው ወፍራም የወይራ እጀታ ሠራሁለት።

ለዒላማ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ከእጁ ይነሣ፦ ጣቱ ምላጩ ላይ የሚደርስለትን፣ ራሱ የሚያቀባብለውን፣ ክንዱን የማያወርደውን፣ ሲተኮስ የማይመታውን ይያዝ። ታላላቆች ይመርቁት እንጂ አይምረጡለት። እጁ የደከመ ቀን ደግሞ ጥፋተኛው ሽጉጡ ነው።