የገለጉ መንገድ ሰማያዊ ጭስ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የገዛትን አዲስ ፒክአፕ ሊያሳየኝ ገንዳ ውሃ እቤቴ ድረስ መጣ። እሱ እንደሚለው ጉልበቷ ተራራ ጎትቶ ያመጣል። ከኋላ ወንበሯ ሁለት ጀሪካን የሞተር ዘይት አወረደና ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ እግሬ አጠገብ አስቀመጣቸው። «አጎቴ፣ የቱን ልሙላባት? ሲንቴቲኩን ነው ወይስ የተለመደውን?» አለኝ። ስልኩን እየነካካ አንዱ እንዲህ ብሏል፣ ሌላው እንዲያ ብሏል እያለ ሲያነብልኝ ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ቅር አለው፤ ያረጀ ሾፌር አዲስ ነገር የናቀ መስሎት ነው። እኔ ግን ያንኑ ጥያቄ እሱ ሳይወለድ፣ በደርግ ጊዜ፣ መተማ ዮሐንስ አንድ ፉል ቤት ውስጥ ጣታችንን እየነከርን ስንፈርድበት ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ የእትዬ ብርቄን ሎሪ እነዳ ነበር። ባላቸው ሾፌር ነበሩ፤ ወባ ወሰዳቸውና ሎሪዋ ለእትዬ ቀረች። ልጅ አልነበራቸውም። ሟቹ ሞተር የሚወዱ ሰው ስለነበሩ የድሮውን ሞተሯን አውርደው ከእሷ የሚበልጥ መኪና ሞተር ገጥመውላት ነበር። ሌላው ሎሪ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት እሷ በሦስተኛ ትዘላለች፤ ሰዉም «ሚዳቋ» ይላት ነበር። እኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ፤ እሁድ እሁድ ጓደኞቼ ልብሳቸውን ሲያጥቡ እኔ ሚዳቋን አጥብ ነበር። እወዳት ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ቆላውን ለማያውቅ ሰው ክረምቱን ትንሽ ልንገረው። ዋልካው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ውሃ ሲጠጣ እንኳን መኪና አህያም ያሰምጣል፤ የገለጉ ከተማ ከሰኔ ጀምሮ ተዘግታ ትከርማለች። ስኳሩ ያልቃል፣ ሳሙናው ያልቃል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጨው በማንኪያ ይበዳደራል። ጥቅምት ሲገባ መሬቱ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ሰሊጡ ይታጨዳል፣ የሾፌሩም ሁሉ ልብ ወደ ገለጉ ይሸፍታል። ቀድሞ የገባ ሎሪ በእልልታ ይገባል፣ ፍየልም ይታረድለታል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ገበሬው የዓመቱን ሰሊጥ መጀመሪያ የሚጭነው በእሱ ላይ ነው፣ ያ ወረፋ ደግሞ እስከ በጋው መጨረሻ አይነጠቅም።

ሁለት ዓመት በተከታታይ አያ ሸጋው ቀደሙን። አያ ሸጋው የእትዬ ባል ጓደኛ የነበሩ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ነጭ ሸሚዝ ካልሆነ የማይለብሱ ሾፌር ናቸው። ሎሪያቸው ከእኛዋ አዲስ ናት። ሚዳቋንም ሽጪልኝ እያሉ እትዬን መጠየቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። በዚያ ክረምት እትዬ ቁርጡን ነገሩኝ፤ «ዘንድሮም ካልቀደምን ለሸጋው እሸጥለታለሁ። እኔም ደባርቅ ወንድሜ ዘንድ ገብቼ የሰው ልጅ አሳድጋለሁ» አሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በራሳቸው እጅ በልተው የኖሩ ሴት የወንድም ቤት ጥገኛ ሊሆኑ ነው። እኔም ያለ ሚዳቋ ምን እንደምሆን ማሰብ አልፈለግሁም።

ሞተሩ በክረምቱ ወርዶ ታደሰ፤ የፒስተን ቀለበቶቹ በሙሉ አዲስ ገቡ። ዘይት መሙላት ብቻ ቀረ፤ ምርጫውም ሁለት ነበር። አንደኛው ከመንግሥት ዴፖ በኮታ የተሰጠን የበርሜል ዘይት ነው፤ ጠቆር ያለ፣ እንደ ማር የሚጎተት። ሁለተኛውን ኢድሪስ የሚባል ከድንበሩ ማዶ የገላባት ነጋዴ ከዓረብ አገር የመጣ ነው ብሎ በቆርቆሮ አቀረበልን። የጉምሩክ ፊናንሶች እንዳያዩት በማሽላ ጆንያ ውስጥ ተቀብሮ ነው ድንበሩን የተሻገረው።

«ይሄ ከመሬት የተቀዳ አይደለም፤ ሰው ቁጭ ብሎ በላቦራቶሪ የሠራው ነው። ሞተሩ አይሞቅ፣ አይደክም። ሚዳቋ ትበራለች፣ ወላሂ» አለ ኢድሪስ።

ሞተሩን ያደሰው መካኒክ አሊ ራሱን ነቀነቀ። «አዲስ ቀለበት መጀመሪያ ከሲሊንደሩ ጋር ትንሽ መፋተግ አለበት። ይሄ በጣም ያሙለጨልጫል። ሳይላመዱ ይቀሩና ዘይት ትጠጣለች። አሁን የበርሜሉን ሙሉ፤ ይሄን ለከርሞ አቆዩት» አለ።

እኔ የኢድሪስ ወገን ነበርኩ፤ ትበራለች ከተባለ በኋላ ሌላ ቃል ጆሮዬ አልገባም። ፈራጇ ግን እትዬ ናቸው። እትዬ ደግሞ የሚያውቁት ዘይት የሰሊጥ ዘይት ነው። ገላባት ግመል እየዞረ ከሚጨምቀው ውስጥ የቆየውን ከአዲሱ ሳይቀምሱ ይለያሉ። እና ፉላችን ፊታችን ቀርቦ እየጨሰ፣ ሁለቱን የሞተር ዘይት በሁለት ብርጭቆ አስቀዱ። ጣታቸውን ነከሩ፣ አሸተቱ፣ ወደ ብርሃን አነሡ። የበርሜሉ ጣታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የቆርቆሮው ቀጭን ክር ሠርቶ ጥርት ብሎ ወረደ።

«ይሄ ነው ዘይት። ያኛው አተላ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ለፉል እኮ አይደለም» ቢል አሊ፣ ፉል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፍርዱ ግን አልተለወጠም። እንዲያውም ጎረቤት ጠረጴዛ የነበሩት የሰሊጥ ነጋዴዎች በተራ በተራ ጣታቸውን እየነከሩ ከእትዬ ጋር ተስማሙ። ለሰሊጥ አገር ሰው ዘይት ዘይት ነው።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ከታች ጨው፣ ስኳርና ሳሙና፣ ከላይ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ የቀን ሠራተኞች። እትዬ በዚህስ አልቀርም ብለው ጋቢና ገቡ። ኢድሪስ አልዋሸም፤ ሚዳቋ እውነትም በረረች። ሞተሩ ድምፁ ለስልሶ፣ ነዳጁን ገና ነካ ሳደርገው ትስፈነጠራለች። በመስኮቱ የደረቀ ሰሊጥና የማሽላ እሸት ሽታ ይገባል፣ ሠራተኞቹ ላያችን ላይ ይዘፍናሉ። አያ ሸጋውን ገንዳ ውሃ ላይ የከርከዴ ሻይ ሲጠጡ ጥሩምባ ነፍቼ አለፍኳቸው። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ ሳቁ። ያን ጠዋት ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው በአገሩ አልነበረም።

የሽንፋን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ አንድ ጎጃሜ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደበ። «ሾፌር፣ ኋላችን ሰማይ ወርዷል እኮ» አለ። ዞሬ ሳይ መንገዱ ሁሉ በሰማያዊ ጭስ ተሸፍኗል። አቁሜ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስመዘው ጫፉ እንኳን አልረጠበም። ከቆርቆሮው የተረፈችውን ጨመርኩ፤ አልበቃችም። የበርሜሉን ደግሞ አተላ ነው ብለን ቤት ትተነው መጥተናል።

እትዬ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከኋላ የአያ ሸጋው ሎሪ አቧራ እያስነሣ ሲመጣ ያዩት ጀመር።

በዋልካ መንገድ የቆመ መኪና አይታለፍም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። አያ ሸጋው ቆሙ። ጭሱን አዩ፣ ዘንጉን አዩ።

«ምን አጠጣችኋት?» አሉኝ።

«የቆርቆሮውን ዘይት፣ አያ ሸጋው። እትዬ በጣታቸው ለክተው መርጠውት።»

«በጣታቸው?» አሉና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

እትዬ ቀና አሉ። «እንግዲህ ሸጋው፣ መኪናዋ ያንተ ናት። ዘንድሮ ካልቀደምኩ ልሸጥልህ ቆርጬ ነበር። ሂድ ግባ፤ ስትመለስ እንነጋገራለን» አሉ።

 አያ ሸጋው ወደ ሎሪያቸው ሄደው የራሳቸውን የበርሜል ዘይት በጀሪካን ይዘው መጡ። አሁን ሌላ ጭንቅ መጣ፤ ሁለቱ ሲደባለቁ እንደ ወተት ቢረጉስ? እትዬ በቆርቆሮው ሥር የቀረችውን ጠብታና የበርሜሉን በጣሳ ቀላቀሉና በጋለው ሞተር ላይ አስቀምጠው በእንጨት ያማስሉት ጀመር። ሠራተኞቹ ወጥ እንደሚጠብቅ ሰው ከበው ቆሙ። አልረጋም፣ አልተለያየም። «ታረቁ» አሉ እትዬ፣ ሞላነው፣ ሞተሩም ተነሣ። ጭሱ ግን እንዳለ ነው።

«በሉ ይለፉ፣ አያ ሸጋው» አልኩ መንገድ ለቅቄ።

«አላልፍም። የመንገድ ልማድ አታውቅም እንዴ? የረዳ ሰው የረዳውን መኪና እቦታው እስኪያደርስ ከኋላ ነው የሚከተል። ደግማ ብትቆም ማን ሊያነሣት ነው? ይልቅ ንዳ» አሉኝ።

ልማድ ከተባለ ልማድ ነው ብዬ መሪዬን ጨበጥኩ። እትዬን ዞር ብዬ ሳያቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

ገለጉ ጭሳችንን ከሩቅ አይታ ወጥታ ጠበቀችን። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ልጆች ስኳር ስኳር እያሉ ጎማችን ሥር ሮጡ፣ እትዬ እንደ ሙሽራ ተደግፈው ወረዱ። ትንሽ ቆይቶ አያ ሸጋው ገቡ። ያ ነጭ ሸሚዝ እንደ ማድቤት ጣሪያ ጠቁሯል፤ ፊታቸው ላይ የሚታየው ጥርሳቸውና የዓይናቸው ነጭ ብቻ ነው። አገሩ ሁሉ ሳቀ፣ ከሁሉም በላይ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ፍየሉ ሲጠበስ እትዬ የመጀመሪያዋን ሥጋ ቆርጠው እኔን ሳይሆን እሳቸውን አጎረሱ። «ከሰል ነጋዴ መስለሃል» አሏቸው። ሰሊጡ ተጫነ፣ ሚዳቋም አልተሸጠች። በበርሜሉ ዘይት ጥቂት ከሠራች በኋላ ቀለበቶቹ ተላምደው ጭሱ ቆመ፤ በዓመቱ የኢድሪስን ቆርቆሮ ስንሞላባት አንድ ጠብታ አልጠጣችም። አሊ ዕድሜ ልኩን ይህን ሳያነሣ አንድ ፉል በልቶ አያውቅም።

እኔም ልማዱን ይዤ ስንቱን የቆመ መኪና አነሣሁ፣ ከኋላው እየተከተልኩ ስንቱን አደረስኩ። ከዓመታት በኋላ ሁመራ ላይ ለሸመገሉ ሾፌሮች ይህንኑ ባወራላቸው እርስ በርስ ተያዩ። መቆሙንና መርዳቱን ያውቃሉ፤ መከተል የሚባል ልማድ ግን ሰምተው አያውቁም። አያ ሸጋው ያኔ ሞተው ነበር። መተማ ስመለስ እትዬን ጠየቅኳቸው።

«የሾፌር ሚስት አይደለሁም እንዴ? ከራሱ እንደፈጠረው ያኔውኑ አውቄያለሁ። ልማድ ነው ባይል ኖሮ፣ ቅደሚ ቢለኝ እሺ እል ነበር?» አሉኝ።

ለእህቴ ልጅ የሻጩን መመሪያ አንብብ፣ በጣትህ ብቻ አትፍረድ አልኩት። የቀረውን አልነገርኩትም፤ ባለፈው አጨዳ የገጠመኝን ግን እዚህ ልጻፈው። ከገለጉ ስመለስ የተሳፈርኩባት መኪና የሞተር ቀበቶዋ ተበጥሶ ቆመች። አንድ ወጣት ሾፌር ደርሶ የራሱን መጠባበቂያ አሠረልንና ከኋላችን ተሰለፈ። ለምን አታልፍም ብዬ ጠየቅኩት።

«የቆላ ልማድ ነው፣ አባባ። የረዳ ከኋላ ነው የሚከተል» አለኝ።

«ከየት ሰማኸው?»

«ከጥንት የነበረ ነው» አለኝ። አላረምኩትም።